የደንበኛ ብር እቁብ የገባ ዕለት

ሥራዬ የግንባታ ዕቃ መሸጥ ነው። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ። ደንበኛ በቴሌግራም ይጠይቃል፣ ፕሮፎርማ እልካለሁ፣ ከተስማማን የድርጅቱን ሂሳብ ቁጥር እልካለሁ፣ ብሩ ሲገባ ስቶር ኪፐራችን ዕቃውን ያስጭናል። ቀኑን ሙሉ ኮፒ፣ ፔስት፣ ኮፒ፣ ፔስት።

ከምፈልገው ነገር ግማሹ የሚመጣው ስልኬ ላይ ነው። የቲን ቁጥር፣ የሳይት አድራሻ፣ የሴራሚክ ኮድ። ወደ ኮምፒውተር የማሻግረው ሁላችሁም እንደምታደርጉት ነበር፤ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልክና ከሴቭድ ሜሴጅስ አወጣዋለሁ። አንድ ቀን ኮምፒውተር የሚሠራልን ልጅ አየኝና ሳቀብኝ።

«እስካሁን ለራስሽ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ እንዴ?»

ስልኬን ተቀበለኝ፣ ስዊፍትኪ የሚባለውን ኪቦርድ ጫነበት፣ ኮምፒውተሩ ላይ በተከፈተው የማይክሮሶፍት አካውንት አስገባው፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ክሊፕቦርድ (ኮፒ የተደረገ ነገር የሚቀመጥበት) የሚለው ጋ ገብቶ ሁለት ነገር አበራ። አለቀ። ስልኬ ላይ ኮፒ ያደረግኩት ጽሑፍ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዊንዶውስና ቪን አንድ ላይ ስጫን ዝርዝር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ወይ ጉድ አልኩ። አይፎንና ማክ ያላቸው ሰዎች እንዲህ ማድረግ ከጀመሩ ቆይተዋል፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ነው አለኝ፤ ይሁና። ሁለት ወር ያህል የቢሮው አራዳ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ያቺ አርብ መጣች።

አንድ ደንበኛ ጠዋት ሙሉ በሴራሚክ ዋጋ ሲከራከረኝ ቆይቶ ተስማማን። አይሱዙውን ልኮ በራችን ላይ አቁሟል። «ቶሎ ቁጥሩን ላኪልኝ» ይላል። የድርጅቱን ሂሳብ ቁጥር ከኤክሴል ላይ ኮፒ አደረግኩ። ልልከው ስል ስልኬ ጮኸ፤ የእቁባችን ሰብሳቢ ናቸው። «ልጆቼ፣ የዚህ ሳምንት እቁብ በዚህኛው ቁጥር ይግባ» ብለው አዲስ ሂሳብ ቁጥር ልከዋል። በኋላ እንዳልረሳው ብዬ እሱንም እዚያው ስልኬ ላይ ኮፒ አደረግኩት። ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ፣ ዊንዶውስና ቪን ተጫንኩ፣ ከሁሉም በላይ ያለው በ1000 የሚጀምር ቁጥር ነው፣ ኢንተር፣ ላክ።

ሁለቱም የንግድ ባንክ ቁጥሮች ናቸው። ሁለቱም 13 አሃዝ፣ ሁለቱም በ1000 የሚጀምሩ። መጨረሻ ኮፒ የተደረገው ከላይ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ መጨረሻ ኮፒ ያደረግኩት በሌላኛው እጄ እንደሆነ ግን በዚያች ሰከንድ ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም።

ደንበኛው ሲያስተላልፍ የተቀባዩን ስም አላየም ወይ ትሉ ይሆናል። አይቷል። የድርጅታችን ባለቤት ሚስት መስለውታል።

የ186,000 ብር ስክሪንሾት ላከልኝ። ሂሳብ ክፍል «አልገባም» አለ። ኔትወርክ ነው ብለን ሃያ ደቂቃ ጠበቅን፤ እዚህ ከተማ መጀመሪያ የሚከሰሰው ሁልጊዜ ኔትወርክ ነው። ሹፌሩ ውጭ ጡሩምባ ያንባርቃል። በመጨረሻ ስክሪንሾቱን አጉልቼ ስሙን ሳነብ ክው አልኩ።

ለእቁብ ሰብሳቢያችን ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ በስህተት ነው፣ የድርጅቱን ቁጥር ልስጥዎትና እዚያ ያስገቡልኝ» አልኳቸው።

«አንቺን አውቅሻለሁ ልጄ፤ ብሩን ግን አላውቀውም» አሉኝ። «የላከው ሰው ራሱ ይደውልልኝ። እኔ የምመልሰው ወደ መጣበት ነው።»

ያን ጊዜ ተናደድኩባቸው። አሁን ሳስበው ግን ከእኔም ከደንበኛውም ይልቅ በትክክል የሠሩት እሳቸው ናቸው። ማንም እየደወለ «በስህተት ገብቶብዎት ነው፣ ወደዚህ ቁጥር ይላኩት» የሚልበት ዘመን ነው። በስልክ ማስተላለፍ ስለማይወዱ ቅዳሜ ጠዋት ቅርንጫፍ ድረስ ሄደው መለሱለት። አይሱዙው አርብ ባዶውን ተመለሰ፤ የኪራዩን ዋጋ እኔ ከፈልኩ። የድርጅቱ ባለቤት ጋሼ አልተቆጡኝም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፣ መልሰው አደረጉት፣ በቃ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ያንን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እስከ 25 ኮፒ የተደረገ ነገር ይይዛል። ውስጡ ምን አለ? የኢሜይሌ የይለፍ ቃል፤ ስልኬ ላይ የመጣ የማረጋገጫ ኮድ፤ ለባለቤቴ ልልክለት ስጽፍ የነበረ፣ እዚህ የማልደግመው መልእክት። ይህ ሁሉ ሦስት ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ፣ ሁለት ቁልፍ ለተጫነ ሁሉ ክፍት። ከ186 ሺሁ ይልቅ እሱ አስደነገጠኝ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ዝርዝሩ ይጸዳል፤ የእኛ ኮምፒውተር ግን መቼ ይጠፋል?

ልጁን ሳልጠራ ራሴ ገባሁ። ስልኬን ከኮምፒውተሩ ዝርዝር ጋር የሚያገናኘውን «ሲንክ» የሚለውን አጠፋሁ፣ ዝርዝሩን አጸዳሁ። ዝርዝሩን ራሱን ግን አልዘጋሁትም፤ ሥራ ያቀልልኛል። አንድ ነገር ብቻ ፒን አድርጌ አስቀመጥኩበት፤ የባንኩ ስም፣ የድርጅቱ ሙሉ ስምና ሂሳብ ቁጥሩ በአንድ ላይ የተጻፈበት ጽሑፍ። ፒን የተደረገ ነገር ኮምፒውተሩ ቢጠፋም አይጠፋም። ቁጥር ብቻውን ለማንም አልልክም፤ ከስሙ ጋር ከሄደ ደንበኛው ራሱ ያስተያየዋል። ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የሚሻገረው ደግሞ ወደ ሴቭድ ሜሴጅስ ተመለሰ። ልጁ ይሳቅ።

እሑድ እቁብ ሄድኩ። ሰብሳቢያችን ስገባ ሲያዩኝ ደብተራቸውን ዘጉና ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብለው «ቦታ ልቀቁላት፣ ትልቋ ባለ ድርሻ መጣች» አሉ።