ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ

ማርች 3 ቀን 2020 ማክሰኞ ማለዳ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ተገኝቼ መታወቂያዬን ካሳየሁ በኋላ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀትና ጥቁር እስክሪብቶ ተቀብዬ በካርቶን ወደተከለለችው ጠረጴዛ ሄድኩ። ለሦስት ሳምንታት ያህል ልመርጣቸው ወስኜ የቆየሁት የሚኒሶታዋ ሴናተር የኤሚ ክሎቡሻር ስም ወረቀቱ ላይ ነበር። እሳቸው ግን ከአንድ ቀን በፊት ከዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንታዊ ዕጩነት ውድድር ወጥተው፣ ያን ምሽት ዳላስ ቴክሳስ ውስጥ መድረክ ላይ ቆመው ደጋፊዎቻቸው ጆ ባይደንን እንዲመርጡ ጠይቀዋል። ወረቀቱ የታተመው ከብዙ ጊዜ በፊት ስለነበረ የእሳቸውም፣ በዋዜማቸው የወጡት የፒት ቡቲጀጅም፣ የቶም ስታየርም፣ የአንድሩ ያንግም ስም እንዳለ ነው። ከክሎቡሻር ስም ጎን ያለችውን ባዶ ክብ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኳት።

በመጨረሻ ያጠቆርኩት የባይደንን ክብ ነው። በዚያ ቀን በቨርጂኒያ ድምፅ ከሰጡት መካከል ግማሽ ያህሉ ማንን እንደሚመርጡ የወሰኑት በመጨረሻዎቹ ቀናት እንደነበረ ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ ከተሰበሰበው ቃል ታውቋል፤ ስለዚህ ብቻዬን አልነበርኩም። ስለዚያ ሳምንት ሲወራ ግን ሕዝቡ እንደ ቄጠማ ነፋስ ወደነፈሰበት እንደዘመመ ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ፣ ይህም እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ባሉት ቀናት የምፈልገው ነገር አልተለወጠም ነበር። የተለወጠው ሌሎች ሰዎች ስለሚያደርጉት ነገር የማውቀው ነው። በፓርቲ ውስጥ በሚደረግ ቅድመ ምርጫ፣ ወይም ሁላችንም እዚህ እንደምንለው በፕራይመሪ፣ ይህ ልዩነት ከምንም በላይ ወሳኝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ለመረዳት ወደ 2019 መመለስ ያስፈልጋል። ባይደን በኤፕሪል ወር ሲገቡ በሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ቀዳሚ ነበሩ። በጁን ማያሚ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ክርክር ካማላ ሃሪስ ባይደንን ፊት ለፊት ስለተጋፈጡ ድጋፋቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ አሻቀበ። ያው ድጋፍ በበጋው ቀስ በቀስ ረገፈና ዲሴምበር 3 አንድም ሰው ድምፁን ሳይሰጥ ከውድድሩ ወጡ። በመኸሩ ወራት ደግሞ ኤልዛቤት ዋረን ከፍ ብለው በአንዳንድ ጥናቶች ባይደንን እስከመቅደም ከደረሱ በኋላ፣ ለሁሉም ዜጋ ይሰጣል ያሉት የጤና መድን ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ አዳከማቸው። ጋዜጠኞች መራጩን ለዘብተኛና ግራ ዘመም ብለው በሁለት ጎራ ሲከፍሉት ቢሰነብቱም፣ በየጥናቱ ‹‹ሁለተኛ ምርጫህ ማን ነው?›› ተብለው ከተጠየቁት የባይደን ደጋፊዎች ብዙዎቹ የሚጠሩት ግራ ዘመሙን የቨርሞንት ሴናተር በርኒ ሳንደርስን ነበር። ሰው የሚያውቀውንና የሚያምነውን ይፈልጋል፤ በርዕዮተ ዓለም መስመር ተሰልፎ የሚጠብቀው ጥቂቱ ነው። አንድ ሰው ሦስት ወይም አራት ዕጩዎችን እኩል ሊወድ በሚችልበት ውድድር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ክህደት ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም።

ድምፅ መሰጠት የጀመረው ፌብሩዋሪ 3 በአይዋ ኮከስ፣ ማለትም መራጮች በየአካባቢው ተሰብስበው በሚመርጡበት ስብሰባ ነው። ውጤት ማስተላለፊያ ተብሎ የተዘጋጀው የስልክ መተግበሪያ ስለተበላሸ ያን ሌሊት አሸናፊ ሳይነገር አደረ። ቀናት ፈጅቶ ሲገለጽ ቡቲጀጅ በልዑካን (በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን በሚመርጡት ተወካዮች) ስሌት በጥቂቱ ቀድመው፣ ሳንደርስ በሰው ቁጥር በልጠው፣ ባይደን አራተኛ ሆነው ተገኙ። ከስምንት ቀን በኋላ በኒው ሃምፕሸር ሳንደርስ አሸነፉ፣ ክሎቡሻር ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ 3ኛ ወጡ፣ እኔም ልቤን የሰጠኋቸው ያኔ ነው። ባይደን 8 በመቶ ያህል ብቻ አግኝተው 5ኛ ሆኑ፤ ውጤቱ እስኪነገር እንኳ ሳይቆዩ በዚያው ምሽት ወደ ደቡብ ካሮላይና በረሩ። ፌብሩዋሪ 22 በኔቫዳ ሳንደርስ ከግማሽ ትንሽ ያነሰውን ድጋፍ ጠቅልለው በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። በዚያ ሳምንት ኮሎምቢያ ፓይክ በሚገኝ የአገራችን ሰዎች በሚያዘወትሩት ቡና ቤት ተቀምጦ ‹‹የባይደን ነገር አብቅቷል›› የማይል ሰው አላገኘሁም። እኔም ብያለሁ።

ያላሉት እናቴ ብቻ ነበሩ። ዜግነት ካገኙ ጀምሮ አንድም ምርጫ አምልጧቸው አያውቅም፤ ባይደንን ደግሞ በኦባማ ምክትልነት 8 ዓመት ስላዩአቸው እንደ ጎረቤት ነው የሚያውቋቸው።

‹‹እማዬ፣ ሰውየው እኮ አምስተኛ ነው የወጡት›› አልኳቸው።

‹‹አምስተኛ የወጡት እኛ ሳንጠየቅ ነዋ!›› አሉኝ፣ የሚለቅሙትን ምስር ሳያቆሙ።

ያኔ አላስተዋልኩትም እንጂ የዚያን ዓመት ምርጫ ከዚህ በተሻለ የገለጸው ሰው አልሰማሁም። አይዋም ኒው ሃምፕሸርም ከነዋሪዎቻቸው እጅግ አብዛኛው ነጭ ነው። የዴሞክራቲክ ፓርቲ የጀርባ አጥንት የሆነው ጥቁር መራጭ በሁለቱም ግዛቶች ጥቂት ስለሆነ፣ የእሱ ፍላጎት ምን እንደሆነ በቁጥር ተገልጦ የሚታየው ደቡብ ካሮላይና ላይ ነው። እዚያ ከመራጩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥቁር ነው።

የደቡብ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ያጫወቱት አንድ ነገር አለ። በአንድ ወዳጃቸው የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የፊት ረድፍ የተቀመጡ አንዲት አረጋዊት በጣታቸው ጠርተው ማንን እንደሚመርጡ ጠየቋቸው። ክላይበርን ዝቅ ብለው ‹‹ባይደንን›› ብለው በጆሯቸው ሹክ አሏቸው። አረጋዊቷም ይህን መስማት እንደሚያስፈልጋቸው፣ ማኅበረሰቡም መስማት እንዳለበት ነገሯቸው። ይህ ታሪክ ልቤን ይነካዋል፤ እኛም ዘንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ በጉርብትና ተቀምጠው የሚንሾካሾኩት ትልልቅ ሰዎች የሚሉት ነገር ከየትኛውም የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይበልጣል። ክላይበርን ፌብሩዋሪ 26 ቀን ድጋፋቸውን በአደባባይ ሲገልጹ ያሉት አጭር ነበር፦ ጆን እናውቀዋለን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጆ ያውቀናል። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 29፣ ባይደን 48.7 በመቶ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ፤ ሳንደርስ ከ20 በመቶ በታች ነበሩ። በ1988 እና በ2008 ለፕሬዚዳንትነት ሞክረው ላላገኙት ድል፣ በሕይወታቸው የመጀመሪያ ለሆነው የፕራይመሪ ድል የበቁት በዚያ ቀን ነው። ድምፅ ከሰጡት ግማሽ የሚጠጉት የክላይበርን ቃል በውሳኔያቸው ላይ ክብደት እንደነበረው ተናግረዋል።

ከዚህ በኋላ የሆነው በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ስታየር ቅዳሜ ማታ ወጡ፣ ቡቲጀጅ እሑድ፣ ክሎቡሻር ሰኞ። ሰኞ ማታ ሁለቱም ዳላስ ላይ ከባይደን ጎን ቆሙ። በማግሥቱ 14 ግዛቶች በአንድ ቀን የሚመርጡበት ሱፐር ቱዝዴይ ነበር።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ያኔ ገና 26 ዓመቱ ነበር፤ ኡበር እየነዳ ይማር ነበር፤ መድን ሳይኖረው ለተደረገለት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የመጣበትን ሂሳብ በየወሩ እየቆረሰ ይከፍላል። የሳንደርስን ስም የያዘ ተለጣፊ ከላፕቶፑ ላይ አንድም ቀን አላነሳም። ማክሰኞ ማታ እቤት መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ‹‹አክስቴ፣ አንቺ እኮ ሐሳብሽን አልለወጥሽም፤ ለወጡልሽ እንጂ›› አለኝ። አልተቆጣሁትም፣ ምክንያቱም ከፊሉ እውነት ነው። ዕጩዎቹ በሁለት ቀናት ውስጥ ተከታትለው ባይወጡ ኖሮ ያን ማለዳ የማጠቁረው የክሎቡሻርን ክብ ነበር። የሳንደርስ ተቀናቃኞች ተበታትነው ቢቀጥሉ ኖሮ ደግሞ እሳቸው በየግዛቱ ከመቶ 30 ያህል እያገኙ ብዙ ልዑካን መሰብሰብ ይችሉ ነበር፤ በፓርቲው ደንብ መሠረት በአንድ ግዛት ወይም ወረዳ 15 በመቶ ያልሞላለት ዕጩ አንድም ልዑክ ስለማያገኝ፣ የተበታተነ ድምፅ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ሆኖም መሪዎቹ ተስማሙ ማለትና መራጩ ታዘዘ ማለት አንድ አይደለም። በሚኒሶታና በማሳቹሴትስ ባይደን የምረጡኝ ዘመቻ አካሄዱ ለማለት በማያስደፍር ሁኔታ ሁለቱንም አሸነፉ፤ ዋረን በገዛ ግዛታቸው በማሳቹሴትስ 3ኛ ወጡ። ሌላው ዕጩ ቢሊየነሩ ማይክል ብሉምበርግ ከኪሳቸው ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማስታወቂያ አፍስሰው በዚያ ቀን የቀደሙት በአሜሪካን ሳሞዋ ብቻ ነው። ገንዘብና ድርጅት ሰውን እንደ ከብት ሊነዱት ቢችሉ ኖሮ ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር። እዚሁ ቨርጂኒያ በ2016 ለዴሞክራቶች ፕራይመሪ የወጣው 785,000 ያህል ሰው ሲሆን፣ በ2020 ግን ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። ይህ ሁሉ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ የሄደው ማንም ስላዘዘው አልነበረም፤ ዶናልድ ትራምፕን ማን ሊያሸንፍ ይችላል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሳው ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ማንም ብቻውን መልስ የለውም፤ መልሱ ያለው ሌላው ሰው ማንን ይመርጣል በሚለው ውስጥ ነው። በ2008 ኦባማ አይዋን እስኪያሸንፉ ድረስ በርካታ የደቡብ ካሮላይና ጥቁር መራጮች ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ቆይተው፣ ነጮች ለጥቁር ዕጩ ድምፃቸውን እንደሚሰጡ በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነበር ወደ ኦባማ የዞሩት። በ12 ዓመት ልዩነት አቅጣጫው ተገለበጠ እንጂ ስሌቱ አንድ ነው።

የእህቴን ልጅ በአንድ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። የእሱ ሂሳብ በዚያ ምሽትም አልተሰረዘም። የሳንደርስ ደጋፊዎች ድጋፋቸውን ያልለወጡት የሚጠይቁት ነገር በየወሩ በፖስታ ሳጥናቸው ስለሚመጣ ነው፤ ሳንደርስ በ2016 ያሸነፉትን ሚሺጋንን ከሳምንት በኋላ ሲያጡ፣ ኤፕሪል 8 ቀንም ዘመቻቸውን ሲያቆሙ፣ ጥያቄው አብሯቸው አልወጣም።

ያን ማክሰኞ ከምሽቱ 7 ሰዓት ላይ ቨርጂኒያ የምርጫ ጣቢያዎቿን እንደዘጋች ቴሌቪዥኖቹ የባይደንን አሸናፊነት ወዲያው አወጁ። እስኪነጋ ባይደን 10 ግዛቶችን ወሰዱ፤ ሳንደርስ ካሊፎርኒያን፣ ኮሎራዶን፣ ዩታንና ቨርሞንትን። ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ ይህን ያህል የተራራቁበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ በቂ ትኩረት ያልተሰጠው አንዱ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። በዚያን ጊዜ በቨርጂኒያ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ቀድሞ መምረጥ ስለማይቻል፣ አብዛኞቻችን ድምፅ የሰጠነው ከዚያ ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ በኋላ ነው። በካሊፎርኒያ ግን ሚሊዮኖች ወረቀታቸውን ቀደም ብለው በፖስታ ልከዋል። በቴክሳስም ቀድመው ከመረጡት መካከል ሳንደርስ ሲመሩ ቆይተው፣ ባይደን የበለጧቸው በዕለቱ በተሰጠው ድምፅ ነው።

ሎስ አንጀለስ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ቡቲጀጅን መርጣ ፖስታውን ያሸገችው ሐሙስ ዕለት ነበር። እሑድ ማታ ደውላ ‹‹ድምፄ የት ገባ?›› አለችኝ። በካሊፎርኒያ እንደሷ ለቡቲጀጅ የመረጡት ከ200,000 በላይ ነበሩ፤ 15 በመቶው ስላልሞላ በግዛት ደረጃ አንድም ልዑክ አላስገኘላቸውም። ከዚያ ወዲህ የምርጫ ወረቀቷ ሲደርሳት ሞልታ ከማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ትለጥፈዋለች፤ ፖስታውን የምታሽገውም በመጨረሻው ቀን ከሥራ ስትመለስ ነው።