ለአባቴ ዘምባባ የሰጠሁት አንቲባዮቲክ

አራት ኪሎ አጠገብ በሚገኘው የቤተሰቤ ግቢ ያለውን ዘምባባ የተከለው አባቴ ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑ የጠራሁት የመንግሥት ባለሙያ፣ ከበሩ ሳያልፍ «የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ ቢጫውን ቆርጣችሁ አንቲባዮቲክ ስጡት» ብሎኝ ሄደ። ቀርቦ አለማየቱ ዛሬም ያናድደኛል፤ እኔም ሳልመረምር ማመኔ ግን ከዚያ የበለጠ ይቆጨኛል።

መድኃኒቱን መምረጥ አላስቸገረኝም። በፍሎሪዳ ዘምባባን የሚፈጀው ገዳይ የቢጫ በሽታ የሚመጣው ፋይቶፕላዝማ ከተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ይህ ባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፤ በየ4 ወሩ ግንዱ ውስጥ የሚሰጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ግን ይገታዋል። እኔም ለከብት የተዘጋጀውን ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ገዛሁ።

ጥፋቴ የከፋው መሰርሰሪያውን ስይዝ ነው። ከመጀመሪያው ቀዳዳ መድኃኒቱ ተመልሶ ሲፈስስብኝ ጥልቀቱ ያነሰ መስሎኝ ጨመርሁበት፤ አሁንም እንቢ ሲል ሁለተኛ፣ ቀጥሎም ሦስተኛ ቀዳዳ አበጀሁ። ሌላ ዛፍ ቢሆን ከልጡ ሥር ያለው እያደገ የሚሄድ ሽፋን ቁስሉን ቀስ በቀስ ይሸፍነው ነበር፤ ዘምባባ ግን ይህ ሽፋን የለውም፣ ግንዱ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ዛፉ እስኪሞት ድረስ አይድንም። ይህን የነገረኝ አልነበረም። ከቀዳዳዎቹ ቡናማ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ሌሊት ሳይቀር ባትሪ ይዤ እየወጣሁ አየው ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ የቀሩትን ቢጫ ቅጠሎች ልቆርጥ መሰላል ላይ ስወጣ ነገሩ ገባኝ። ቢጫ የሆነው የአሮጌዎቹ ቅጠሎች ዳር ብቻ ነበር፤ መሐላቸው አረንጓዴ፣ የጫፉ ለጋ ቅጠልም ቀጥ ያለና ጤነኛ ነበር፤ አበባውም አልጠቆረም። ይህ የቢጫ በሽታው ሳይሆን፣ ዛፉ ከአፈር የሚያገኘው ማግኒዥየም የተባለ ንጥረ ነገር እጥረት ምልክት ነው። ዛፉ ለአዲሶቹ ቅጠሎች የሚሆነውን ማግኒዥየም የሚስበው ከአሮጌዎቹ ነውና፣ በባለሙያው ትእዛዝ የቆረጥሁት ስንቁን ኖሯል።

ሁለተኛውን መርፌ ተውሁት። በሥሩ ዙሪያ ማግኒዥየም ሰልፌትና ብስባሽ ጨመርሁ፤ ከዓመት በላይ ቆይቶ ሙሉ አረንጓዴ ቅጠሎች አወጣ።

ስለዚህ ማንም ቁረጡ ቢላችሁ፣ በከፊል አረንጓዴ የሆነን ቅጠል አትቁረጡ። በሽታው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ከቅጠሎቹ ሩብ በላይ ከተበላሹ ወይም የመሐሉ ለጋ ከሞተ መርፌው አያድነውም። መድኃኒት የተወጋ ዘምባባ ፍሬም አይበላም።

ጎረቤታችን እትዬ ለሆሳዕና እንደ ወትሮው ቅጠል ሲጠይቁኝ፣ ሦስቱን ቀዳዳዎች አሳይቼ ከቤተ ክርስቲያን በር ገዝቼ አመጣሁላቸው።