በሁዳዴ የተቀረጸ የሠርግ ድግስ

በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን፣ እኔና የክፍል ጓደኞቼ አጫጭር የኮሜዲ ፊልሞች እንሠራ ነበር። ለውድድር ወይም ለገበያ ያሰብነው ነገር አልነበረም፤ የሠፈሩ ሰው በአንድ ሳሎን ተሰብስቦ እንዲስቅ፣ እኛም ከበሩ አጠገብ ቆመን ሲስቅ እንድናይ ብቻ ነበር የምንደክመው። ዛሬ ከእነዚያ ልጆች ጥቂቶቹ ጎንደር ቀርተዋል፣ የቀረነው በየአገሩ ተበትነናል፤ እኔ የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር ነው። ከካሴቶቹ የተረፉትን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥሁ ሳያቸው ግን ደጋግሜ ወደ ኋላ እየመለስሁ የምመለከታቸው ክፍሎች በድርሰታችን ውስጥ ያልነበሩት መሆናቸውን አስተዋልሁ። ሳንጠራቸው የገቡ ሰዎች፣ ሳንጽፈው የተነገረ ንግግር፣ እነርሱ ናቸው ልቤን የያዙት።

ካሜራው የእኛ አልነበረም። የአንዱ ጓደኛችን አጎት የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበሩ፤ ጎንደር ላይ ሠርግ የሚበዛው ደግሞ ከጥምቀት በኋላ በጥር፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ስለሆነ፣ በእነዚህ ወቅቶች ካሜራውን መዋስ ይቅርና ጋሼን ራሳቸውን ቤት ማግኘት አይቻልም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን 55 ቀን ሙሉ ሠርግ የለም። ካሜራው ከነቦርሳው ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል፤ እኛም ባትሪውን ሞልተን እንድንመልስና ካሴቱን ከራሳችን እንድንገዛ ተነግሮን እንረከባለን። ስለዚህ ፊልሞቻችን ሁሉ ማለት ይቻላል የሁዳዴ ፊልሞች ናቸው። አንዷ የሚኒ ዲቪ ካሴት 60 ደቂቃ ትቀርጻለች፤ የምትገዛው በመዋጮ ነበርና እያንዳንዱን ትዕይንት ካሜራው ሳይከፈት አፋችን እስኪላመድ ድረስ እንለማመደው ነበር። ኤዲት የምናደርግበት ኮምፒውተር ስላልነበረንም ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተሉ እንቀርጻለን። የተበላሸ ነገር ካለ እዚያው ላይ ደግመን እንቀርጽበታለን፣ ያማረ ነገር ሳይታሰብ ከገባ ደግሞ እንዳለ ይቀራል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ስለ ሽማግሌ መላክ የሠራነውን ነው። የአንድ ወጣት ቤተሰቦች ልጅ እንዲያጩላቸው ሦስት ሽማግሌዎች ይልካሉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ቤቱን ተሳስተው ጎረቤት ይገባሉ። የዚያ ቤት አባወራ ዕዳ ያለበት ሰው ነው፤ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ደጁ ላይ ሲያይ አበዳሪው የላካቸው ይመስለዋል። በወጋችን ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገርና ምላሽ ሳያገኝ አይቀመጥምና፣ አባወራው «ኧረ አረፍ በሉ» ባለ ቁጥር እነርሱ «ቆመን ነው የምንናገረው» ሲሉት ፍርሃቱ ይብስበታል። «ያለዎትን እንዲሰጡን ነው የመጣነው» ይላሉ፣ ልጅቱን ማለታቸው ነው። «እስከ መኸር ታገሡኝ» ይላል እርሱ፣ ብሩን ማለቱ ነው። «ልጁ እስከ መኸር አይታገሥም» ይሉታል። ይህ የነገር መተላለፍ እስከ ፊልሙ አጋማሽ ድረስ ይዘልቃል። ሽማግሌዎቹን የተጫወቱት የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ሲሆኑ፣ ጢማቸው በስኳር ውኃ የተለጠፈ ባዘቶ ነበር፤ ዝንብ በሚገባ ታውቀዋለች። ዛሬም ስመለከተው ጨዋታው ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ቀልዱን ከሌላ ቦታ አላመጣነውም። ጉዳዩን በስሙ ሳይጠራ ዙሪያውን እየዞረ የሚናገር ትልቅ ሰው መካከል ላደገ ልጅ እንዲህ ያለው አለመግባባት በየቀኑ የሚሰማው ነገር ነው።

የፊልሙ ማብቂያ ሠርግ ነውና ድግስ መታየት ነበረበት። በሁዳዴ ዶሮ ወጥ ከየት ይመጣል? የአንዷ ጓደኛችን እናት በርበሬ የበዛበት ሽሮ ሠሩልን፤ እኛ ደግሞ የተቀቀለ ድንች ልጠን፣ በቢላዋ እያለሰለስን እንቁላል አስመሰልነውና በሰፊ ትሪ በእንጀራ ላይ አቀረብነው። መብራት ስላልነበረን የተቀመጥነው ደጅ፣ መንገዱ ዳር ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚወጣው ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ እንደሆነ እያወቅን፣ የ44ቱ ታቦት አገር ላይ በዚያ ሰዓት መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሰው እንደሚሞላ ግን ማናችንም አላሰብነውም። ሙሽራው ጉርሻ ሊያጎርስ እጁን ሲያነሣ፣ ምርኩዝ የያዙ አንዲት አዛውንት ከካሜራው ግራ በኩል ብቅ አሉ። «ምነው ሆዴ፣ ምነው! በሁዳዴ?» ይላሉ፤ ድምፃቸው ከተዋናዮቹ ሁሉ ጎልቶ ይሰማል። ሙሽራው ከሙሽርነቱ ሳይወጣ «እማማ፣ ድንች ነው፤ ይቅመሱት» አላቸው። እርሳቸውም ጎንበስ ብለው ከትሪው አንዷን አነሡ፣ በሁለት ጣታቸው ከፈሏት፣ ወደ ዓይናቸው አቅርበው ውስጧን መረመሩ፤ ከዚያም ለኋለኛው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እውነትም አስኳል የለውም!» ብለው መሰከሩ። «እኔን በስተርጅና ስለምን ታስደነግጡኛላችሁ? በሉ እደጉ፤ ትምህርቱንም ይግለጥላችሁ» ብለው መረቁንና ሄዱ። ካሜራ የያዘው ልጅ እስኪርቁ ድረስ በካሜራው ተከተላቸው። እኔ ጽፌ ያን የመሰለ ንግግር ማምጣት እንደማልችል ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

እኚህ እናት ካረፉ ቆይተዋል። ያቺን ቁራጭ ኮምፒውተር ላይ ካገኘኋት በኋላ ጎንደር ላለው ጓደኛዬ ነገርሁት፤ እርሱም የልጅ ልጃቸውን ያውቃት ነበር። ቤተሰቡ ፎቶግራፋቸው እንጂ ድምፃቸው የለውም። በዚያ ወቅት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ስለነበር ቪዲዮውን በስልክ መላክ አልተቻለም፤ በፍላሽ ዲስክ አድርጌ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁት። ቤተሰቡ ለሙት ዓመታቸው በተሰበሰበበት ቀን እንዳዩት ጓደኛዬ ነግሮኛል።

ሌላው ፊልም ከአሜሪካ ስለመጣ ልጅ ነው። የሚሌኒየሙ በዓል በ2000 ዓ.ም. ሲከበር ብዙ የውጭ ነዋሪ ወደ አገሩ ገብቶ ነበርና ጥቁር መነጽር፣ ትልቅ ሻንጣና የታሸገ ውኃ ለእኛ የጨዋታ ዕቃዎች ሆኑ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ለቪዲዮ ካሜራ የተለየ ክፍያ ይጠየቅ ስለነበር፣ ግንቡ ከበስተጀርባ እንዲታይ አድርገን ከቅጥሩ ውጭ፣ ጃንተከል ዋርካ አካባቢ ቀረጽነው። የጻፍነው ቀልድ ያን ያህል አያስኬድም፤ የምናውቀው እንግዳው ሲመጣ የሚታየውን ብቻ ነበር። ዛሬ ብጽፈው የማስቀድመው ትዕይንት ሻንጣ የሚዘጋበትን ሌሊት ነው፦ ከሥራ የገባ ሰው፣ 23 ኪሎ የሚፈቀድለትን ሻንጣ ሚዛን ላይ እያወጣና እያወረደ፣ የራሱን ልብስ አንድ በአንድ አውጥቶ የሰው አደራ የሚተካበትን ሌሊት።

በዚያ ፊልም ውስጥ ግን ያልጻፍነው አንድ ሰው አለ። ተዋናያችን ሻንጣውን እየጎተተ ሲያልፍ አንድ ጎልማሳ እውነተኛ እንግዳ መስሏቸው አስቆሙት። ሰላምታቸውን አድርሰው፣ አገሩ ሰላም መሆኑን ጠይቀው፣ ከዚያ ዳላስ የሚኖር ወንድማቸውን ያውቀው እንደሆነ ጠየቁት፤ ከኪሳቸውም የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ልጁ መነጽሩን አወለቀ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚሁ የሠፈር ልጅ ነኝ፤ ፊልም እየሠራን ነው» አላቸው። እርሳቸው አልተቆጡም። ወረቀቱን መልሰው እያጠፉ «እንግዲያው እግዜር ያድርስህና ትፈልግልኛለህ» አሉት። ያን ቀን ከዚያ በኋላ የቀረጽነው የለም።

እነዚህን ካሴቶች ማዳን ቀላል አልነበረም። በኢትዮጵያ የምንጠቀምበት ካሜራ ፓል በሚባለው ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል የሚቀርጽ ሲሆን፣ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ወደ 30 የሚጠጋ ነው፤ በዚህ ምክንያት እዚህ ያገኘኋቸው አሮጌ ካሜራዎች ካሴቱን አላነበቡልኝም። ያገለገለ የፓል ካሜራና ፋየርዋየር የሚባለው የካሜራ ገመድ ማስገቢያ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር እስካገኝ ድረስ ብዙ መፈለግ ነበረብኝ። አንድ ሰዓት የተቀረጸ ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈጃል፤ ወደ 13 ጊጋባይት የሚሆን ቦታም ይይዛል። የተረፉት ካሴቶች የአንዱ ጓደኛችን እናት ከጥልፍ ቀሚሳቸው ጋር በእንጨት ሣጥን ያስቀመጧቸው ናቸው፤ በፎቶ ቤት የቀሩት ግን በላያቸው የሰው ሠርግ ተቀርጾባቸዋል። በቪሲዲ ተባዝተው የነበሩት ደግሞ አብዛኞቹ ተጭረው አይከፈቱም። እንዲህ ያለ ካሴት ቤቱ ያለው ሰው ማጫወቻው ጨርሶ ሳይጠፋ እንዲያስገለብጠው ከልቤ እለምናለሁ፤ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የትምህርት ቤት በዓል ካሴት ቢሆንም ከበስተጀርባው የሚያልፈው ሰው የአንድ ቤተሰብ እናት ወይም አባት ነው።

አሁን ከጓደኞቼ ጋር እየሠራን ያለነው በምስሉ ውስጥ የሚያልፉትን ሰዎች ማንነት መለየት ነው። እያንዳንዳችን የምናስታውሰውን እንጽፋለን፤ ጎንደር ያሉት ደግሞ ሠፈር ለሠፈር እየዞሩ ያጣራሉ። ያ ወረቀት የያዙት ሰው እስካሁን አልታወቁም። በ2000 ዓ.ም. ሁዳዴ ላይ ጃንተከል አካባቢ ዳላስ ያለ ወንድማቸውን ሲያጠያይቁ የነበሩ ጎልማሳ የሚያውቅ፣ ወይም ጎንደር የቀረ ወንድም ያለው የዳላስ ነዋሪ ይህን ካነበበ ይጠይቀን፤ ቁራጩ ተለይቶ ተቀምጧል፣ በማንኛውም ጊዜ እንልካለን።