ማርሽ ባንዱ በዝናብ ውስጥ

የሰፈራችን ልጆች ማርሽ ባንድ ዛሬ ከሰዓት የክረምት ዝግጅቱን ጀመረ። የጅማ ክረምት ነውና ሁለተኛው ዜማ ላይ ዝናቡ ወረደ። ሰው ግን አልተበተነም። ግማሹ ጃንጥላ ዘረጋ፣ ግማሹ ቆርቆሮው ስር ተጠጋ። ልጆቹም በረንዳው ላይ ተጠጋግተው ቀጠሉ።

ከጀርባቸው ስለቆምኩ ብዙ ነገር አየሁ። የነሐስ መሣሪያ ሲበርደው ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ በየዜማው መሃል ድምፅ ሳያወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይነፉበታል። ትንፋሹ መሣሪያው ውስጥ ውሃ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ በትንሿ መክፈቻ ያፈሱታል።

ቱባ የሚባለውን ትልቁን የነሐስ መሣሪያ የያዘችው ልጅ በጣም ነው የገረመችኝ። መሣሪያው ግማሽ አካሏን ሸፍኗታል። ምቱን ግን አንድም ጊዜ አልለቀቀችም! ትራምፔቶቹ ያን ያህል ያማሩት ከሥር እሷ ስለያዘቻቸው ነው። ሰው ለትራምፔቶቹ አጨበጨበ፣ እኔ ለእሷ።

በኋላ አሠልጣኛቸውን «ጋሼ፣ ማርሽ ባንድ እንዴት አገራችን ገባ?» አልኳቸው። ስለ አርባ ልጆች አጫወቱኝ። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ናቸው። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ። ከአርመኖች የዘር ጭፍጨፋ የተረፉ ልጆች መሆናቸውን ሳስብ ሆዴ ተላወሰ።

የኛዎቹ አንዱን ትሮምቦን እየተቀባበሉ ነው የሚለማመዱት። ቤቱ የተቀመጠ አሮጌ ትሮምቦን ወይም ትራምፔት ያለው ካለ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሁድ ከሰዓት እንደገና ይጫወታሉ። ጃንጥላ ይዛችሁ ኑ።