የተገደለ ሕዋስና የተቀደመ ሕዋስ

በአውሮፓ ከሚገኙ ላብራቶሪዎች በአንዱ የአይጥ ፅንስ ግንደ ሕዋሳትን ፉክክር የሚያጠና ቡድን ለሳምንታዊ ስብሰባው የሚያምር ግራፍ ይዞ ቀረበ። አንድ ጂን የተሰረዘባቸው ሕዋሳት ከጤነኞች ጋር ግማሽ በግማሽ ተደባልቀው ተዘሩ፤ በሦስተኛው ቀን የጎደሎዎቹ ድርሻ ከ50 በመቶ ወደ 33 ወርዶ ተገኘ። ጤነኛው ደካማውን እያስወገደው ነው ተባለ።

ግምቱ መሠረት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሞራታና ሪፖል በፍሬ ዝንብ ላይ እንዳሳዩት፣ ለብቻቸው ሲሆኑ ሙሉ ዝንብ የሚያስገኙ ሕዋሳት ከጤነኛ ጎረቤት ጋር ሲቀላቀሉ ይጠፋሉ። በ2013 ከማድሪድና ከለንደን የወጡ ጥናቶች ይኸው ነገር በአይጥ ፅንስ ሕዋሳት ላይም እንዳለ አረጋገጡ፤ በማድሪዱ ጥናት ሚክ የተባለው ፕሮቲን የበዛለት ሕዋስ ያነሰበትን ጎረቤቱን ያስወግዳል። በ2018 የወጣው የለንደን ጥናት ደግሞ በመደበኛ ዕድገት ውስጥ 35 በመቶ ያህሉ ሕዋሳት በፒ53 (የተጎዳ ሕዋስን የሚያስቆም ወይም ለሞት የሚያበቃ ፕሮቲን) እና በኤምቶር (የሕዋስን ዕድገት የሚመራ ፕሮቲን) መንገድ እንደሚወገዱ ገመተ። ፅንሱ አካል መሥራት ሳይጀምር የራሱን ሕዋሳት ያጣራል ማለት ነው። ይህን ያህል ትልቅ ነገር ስለሆነም ማስረጃው ጥብቅ መሆን አለበት።

ችግሩ መቶኛው ነበር። ድርሻ የሁለት ቁጥሮች ንጽጽር ነው፤ አንዱ ሳይነካ ሌላው ስለበዛ ብቻ ሊወርድ ይችላል። በሩጫ ቀድሞ መግባት ሌላ፣ ተፎካካሪን ጠልፎ መጣል ሌላ ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት የሕዋሱ ቁጥር በስንት እጥፍ እንዳደገ፣ ያውም ለብቻውም ተቀላቅሎም ነው።

ቡድኑ ዘሩን በትክክል ዘርቶ ነበር። ባለ 12 ጉድጓድ ፕሌት፣ ፋይብሮኔክቲን የተቀባ፣ መኖው ኤን2ቢ27፤ ለብቻ ከሆነ 80,000፣ ከተቀላቀለ 40,000 ሲደመር 40,000። (በቅልቅሉ 80,000 ሲደመር 80,000 የሚዘሩ አሉ። ያን ጊዜ መጨናነቁ ራሱ ይገድልና ፉክክር ይመስላል።) የተቆጠረው ሕዋስ ግን መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ጎደሎው ለብቻው ከ80,000 ወደ 400,000 አድጓል፣ 5 እጥፍ። በቅልቅሉ ከ40,000 ወደ 200,000 አድጓል፣ አሁንም 5 እጥፍ። ጤነኛው በሁለቱም 10 እጥፍ ሆኗል። 200,000 ለ600,000 ሲካፈል 33 በመቶ ነው። የተገደለ አልነበረም።

እውነተኛ ፉክክር ቢሆን ኖሮ ጎደሎው በቅልቅሉ ውስጥ ብቻ ከ5 እጥፍ በታች ይወርድ ነበር፤ የተቆረጠ ካስፔዝ 3 (ሕዋስ ራሱን ሲገድል የሚነቃ ኢንዛይም) ቀለም የሚይዙት ጎደሎ ሕዋሳት ይበዙ ነበር፤ የካስፔዝ ማገጃ ሲጨመርም ቁጥራቸው ይመለስ ነበር። ጊዜውም ይጠቅማል፦ የለንደኖቹ ጥናቶች እንዳሳዩት መወገዱ የሚጀምረው ሕዋሳቱ ከመነሻ ሁኔታቸው ወጥተው ወደ መለየት ሲያመሩ ነው። በመነሻ ሁኔታቸው የሚያቆያቸው ሊፍ የተባለ ፕሮቲን እና ሁለት ማገጃዎች ባሉበት መኖ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ሌላም ፍንጭ ነበር። አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን የተሰጣቸው ጤነኞች ምልክት ከሌላቸው ጤነኞች ጋር ተቀላቅለው ነበር፤ እነሱም ወደ 41 በመቶ ወረዱ። ጥፋቱ በአረንጓዴው ፕሮቲን ተላከከ። ይህ መቆጣጠሪያ ናሙና ግን በሙሉ ሙከራው ውስጥ ከሁሉ የበለጠ እውነት የተናገረው ነበር፤ ምክንያቱም አረንጓዴዎቹ ከቆየ የበረዶ ክምችት የወጡ፣ ፓሴጃቸው (ወደ አዲስ ሳሕን የተዛወሩበት ብዛት) ዝቅተኛ የሆነ ነበሩ። ምናልባት የተለወጠው በሳሕን ብዙ የቆየው ምልክት የሌለው መስመር ነው።

ክሮሞዞም ተቆጠረ። መጀመሪያ ክፍፍልን መሃል ላይ የሚያቆመው ኮልሰሚድ፣ ከዚያ ሕዋሱን የሚያሳብጠው 0.075 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ በ37 ዲግሪ፣ ከዚያ 3 ለ1 የሆነ ቀዝቃዛ ሜታኖልና አሴቲክ አሲድ ጠብ እየተደረገ፣ በመጨረሻ በስላይድ ላይ ማንጠብጠብ። ፖታሲየሙ ውስጥ ከቆየ ሕዋሱ ቀድሞ ይፈነዳና ክሮሞዞሞቹ ይበታተናሉ፤ ካጠረ ተደራርበው ለመቁጠር አይመቹም። የአይጥ ቁጥር 40 ነው። ምልክት የሌለው “ጤነኛ” መስመር በአብዛኛው 41 ሆኖ ተገኘ። የአይጥ ክሮሞዞሞች መልካቸው እጅግ ስለሚቀራረብ ትርፉ የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ በፒሲአር ሲታይ 8ኛው ነበር። በአይጥ ግንደ ሕዋስ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታይ፣ ክፍፍልን የሚያፋጥን ትርፍ ነው። በፓሴጅ ብዛት ሳሕኑ ራሱ ፈጣኑን ሲመርጥ ቆይቷል።

ይህ የካልቸር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2016 የወጣው የካምብሪጅ ሥራ በአይጥ ፅንስ ላይ ሪቨርሲን በተባለ መድኃኒት ከ4 ወደ 8 ሕዋስ በሚሸጋገርበት ጊዜ የክሮሞዞም ስህተት ፈጥሮ ተከታተለ። ፅንሱን በሚሠራው ወገን ስህተት ያለባቸው ሕዋሳት በአፖፕቶሲስ (ሕዋስ ራሱን በሚገድልበት ሂደት) ሞቱ፤ እንግዴ ልጅ በሚሠራው ወገን ግን በዋናነት የታየው የክፍፍል መዳከም ነበር። በአንድ ፅንስ ውስጥ ሁለት ዓይነት መጥፋት አለ ማለት ነው፤ መቶኛ ብቻ ያየ ሰው አንድ ነው ይላል።

ሙከራው 40 ክሮሞዞም ባለው መስመር ተደገመ። ጤነኛው 7 እጥፍ፣ ጎደሎው ለብቻውም ተቀላቅሎም 5 እጥፍ። የተሰረዘው ጂን ሕዋሱን ያዘገየዋል፣ ለጎረቤቱ ግን አሳልፎ አይሰጠውም። ቡድኑ አሁን የሚመረምረው የመዘግየቱን ምክንያት ነው። 41 የነበረው ክምችት ተወግዷል፤ በናይትሮጅን ታንኩ ውስጥ ያሉት ቱቦዎችም ከስማቸው ቀጥሎ የፓሴጅ ቁጥርና ክሮሞዞም የተቆጠረበት ቀን ተጽፎባቸዋል።