ሪፖርቱ ላይ ያለው የሕፃናት ማቆያ

መሥሪያ ቤታችን የሕፃናት ማቆያ አለው። ሪፖርቱ እንደዚያ ይላል። ሰንጠረዡ ላይ «ዕቅድ 1፣ ክንውን 1፣ በመቶኛ 100» ተብሎ ሰፍሯል። በሩ ላይም ጽሑፍ ተለጥፏል። ውስጡ ግን የተሰበረ ወንበር፣ የቶነር ካርቶንና የአሮጌ ፋይል ቁልል ነበር። ቁልፉ ደግሞ ንብረት ክፍል።

የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። ደሴ ውስጥ ያለ የአንድ ፌዴራል ተቋም ቅርንጫፍ ነው። እኔ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ያ በር እንዴት እንደተከፈተ ልንገራችሁ፤ ሌላ ቦታ ያላችሁ እናቶች (አባቶችም) ሊጠቅማችሁ ይችላል።

ነገሩ የመጣው የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ነው። ያኔ የምንተዳደርበት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጥ ነበር። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ደግሞ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይሉሻል። የቀረውን 3 ወር ማን ይሸፍነው? አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ይህ አልጠፋቸውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ቦታ ማቋቋም አለበት ብለው ጽፈዋል። አቅም ሲኖር የሚደረግ በጎ አድራጎት አላደረጉትም።

መጀመሪያ በቃል ጠየቅኩ። አንድ ኃላፊ ፈገግ ብለው መለሱልኝ። «እህቴ፣ በእኛ ባህል እኮ ልጅ የሚያድገው አያቱ ጋ ነው። ወሎ ነው ያለሽው።»

ይህን መልስ ከዚያ በኋላም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። እናቴ ልጄን ብትይዝልኝ ደስታዋ ነው። ግን ሰኞ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች፤ ቤቷን ይዛ የቆመችው በዚያ ነው። ከወረኢሉ ተቀይራ የመጣች ባልደረባዬ ደግሞ ደሴ ውስጥ አንድም ዘመድ የላትም። ሞግዚት ልቅጠር ብትይ ደላላው ራሱ «ልጆቹ ሁሉ ዓረብ አገር ናቸው» ይልሻል። ባህሉ አለ፤ ባህሉን የሚሸከሙት ሴቶች ግን ኑሮ ፍለጋ ወጥተዋል። ባህላችንን የሚያመሰግን መንግሥት ይህንንም ማየት አለበት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ቤተሰብ ከኅብረተሰቡም ከመንግሥትም ጥበቃ የማግኘት መብት አለው ይላል። አያት ካለች መንግሥት ነፃ ነው የሚል መስመር አላገኘሁበትም።

ክርክሩን ግን እዚያ ላይ አልገፋሁበትም። ስለ ባህል ከተከራከርሽ እስከ ጡረታ ትከራከሪያለሽ። ሁሉም ሰው አዋቂ ነው፣ ሁሉም አያት አለው። ኃላፊውም ስለ ባህል ሲያወሩ ይመቻቸዋል፤ ምክንያቱም የሚፈርሙት ነገር የለም። የፈረሙበት ነገር ያለው ሪፖርቱ ላይ ነው። እኔም በዚያ ልይዛቸው ወሰንኩ።

የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 አለ። ብዙ ሰው የጋዜጠኛ ሕግ ይመስለዋል፤ ግን ማንም ሰው ይጠቀምበታል። የምትጠይቂበትን ምክንያት መናገር የለብሽም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ዝም ካለ እንደከለከለ ይቆጠራል፤ ያኔ ለበላይ ኃላፊው፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል።

ደብዳቤዬ አጭር ነበር። ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ክንውን 1 የተባለው ማቆያ የተከፈተው መቼ ነው? ምን ያህል ገንዘብ ወጣበት? እስካሁን ስንት ሕፃናት ተገልግለውበታል? ለምን ለእናቶች አታስቡም አላልኩም። እንደዚያ ብጠይቅ ኖሮ የሚመጣልኝ መልስ «መንግሥት ለሴቶች ልዩ ትኩረት ሰጥቶ እየሠራ ይገኛል» የሚል አንድ ገጽ ነው። ቁጥር ስትጠይቂ ግን ወይ ቁጥር ይመጣል ወይ ዝምታ። ዝምታውም ቀን ስላለው ይጠቅማል።

መዝገብ ቤት ያሉት እናት ደብዳቤውን አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ማን ልኮሽ ነው?» አሉኝ። ልጄ ነው የላከኝ አልኳቸው። ሳቁና ግልባጩ ላይ የገቢ ማህተም መቱልኝ፤ ቀንና ቁጥር ጻፉበት። ያቺ ግልባጭ ከሁሉ ትበልጣለች። ማህተም የሌለው ደብዳቤ አልደረሰንም ይባላል፤ ሠርቼበታለሁና አውቀዋለሁ።

ወሬው በአንድ ቀን ግቢውን አዳረሰ። አንዳንዱ ራቀኝ፤ በዚህ ጊዜ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ያስፈራል፣ አልፈርድባቸውም። የበሩ ጥበቃ ግን ስገባም ስወጣም «አብሽሪ» ይለኝ ነበር።

መልስ መጣ። ማቆያው ተደራጅቶ ነበር፣ ነገር ግን በ2014ቱ ጦርነት አልጋውና ቁሳቁሱ ተዘርፏል ይላል።

ይህ ከባድ መልስ ነው። ያን ጊዜ ደሴ የነበረ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል። ሙዚየሙ ሳይቀር ተዘርፏል። እኛም ቢሮ ኮምፒውተር አልተረፈም። ተዘረፈ የሚልን ሰው መጠራጠር ነውር ይመስላል፤ ብዙ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚሞተው። ግን ከጦርነቱ በኋላ የንብረት ጉዳት ዝርዝር ተሠርቷል። እያንዳንዱ ወንበር፣ እያንዳንዱ ፕሪንተር ተቆጥሮ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተልኳል። በሁለተኛው ደብዳቤዬ የጠየቅኩት ያን ዝርዝር ነው። ሲመጣ የሕፃን አልጋ የሚል የለበትም፤ ፍራሽም የለም። ከጦርነቱ በፊት በነበረው የንብረት መዝገብም አልነበረም።

ማንንም ሌባ አላልኩም። ሦስቱን ወረቀት፣ ማለትም ሪፖርቱን፣ የጉዳት ዝርዝሩንና የንብረት መዝገቡን፣ አንድ ላይ አያይዤ ለቅርንጫፉ ኃላፊ አስገባሁ። እነዚህ ስለማይገናኙ የትኛው ይታረም? ብዬ ጠየቅኩ።

በዚህ መሃል ሌሎች እናቶች አብረውኝ መጡ። ፊርማ እናሰባስብ ተባለ። እኔ አልተስማማሁም። በአንድ ወረቀት ላይ ሃያ ፊርማ ሲያዩ አድማ ነው ይላሉ፣ ከዚያ ወሬው ስለ አድማው ይሆናል። ይልቅ እያንዳንዷ የራሷን ደብዳቤ አስገባች፣ የልጇን ዕድሜ ጽፋ። አንድ ሹፌርም ጻፈ። ሚስቱ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች። እሷን የሚገዛት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው፤ ፈቃዱ ያው 30 እና 90 ቀን ነው። ቀኑ አልቆ ሥራ ስትገባ ልጃቸው የምትውልበት የለም። ደብዳቤው ልጄን እኔ ይዤ ብመጣስ? ይላል። አለቆቹን ከሁላችንም በላይ ያስደነገጣቸው የእሱ ነው መሰለኝ። የሴቶች ጉዳይ ብለው ለአንድ ዴስክ የገፉት ነገር ድንገት የቤተሰብ ጉዳይ ሆነባቸው።

የዘጠኝ ወር ሪፖርት ሚያዝያ ላይ ለሠራተኛው ሲቀርብ ያ ሰንጠረዥ እንደገና ስክሪኑ ላይ ወጣ። እጄን አወጣሁ። ክፍሉን አሁን ሄደን ማየት እንችላለን ወይ? አልኩ። ሌላ ነገር አልጨመርኩም። አዳራሹ ጸጥ አለ። ኃላፊው ትንሽ ቆይተው «ክፍተት እንዳለ እናምናለን» አሉ። ቃለ ጉባኤ ተይዞ ስለነበር ያችን ዓረፍተ ነገር በኋላ በደንብ ተጠቀምኩባት።

ከዚያ የቀረው የበጀት ጉዳይ ነበር፣ እሱ ደግሞ የኔ ሰፈር ነው። ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ የውሃ ማፍያ፣ መጋረጃ፣ ይህ ሁሉ ከመደበኛው በጀት በቀላሉ ይወጣል። ዋናው እንቅፋት ሞግዚቷ ናት። ሰው ለመቅጠር መደብ፣ ማለትም የተፈቀደ የሥራ ቦታ፣ ያስፈልጋል፤ ማቆያ አለን ብለው ለዓመታት ሪፖርት ያደረጉ ሰዎች የሞግዚት መደብ ይፈቀድልን ብለው አንድ ቀን አልጠየቁም። እንዴት ይጠይቁ? ያለ ሞግዚት 100 በመቶ ደርሰዋል። የሐሰት ሪፖርት ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። የሌለውን አለ ስትይ፣ ለሌለው ነገር በጀት መጠየቂያ አፍ ታጫለሽ።

ክፍሉ ተጠርጎ ተከፈተ። አንዲት ሞግዚት በኮንትራት ተቀጠረች። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ክፍት ነው። ልጄ አሁን እዚያ ይውላል፤ የሹፌሩም ልጅ አለች፣ «ለሴት ሠራተኞች ነው» የሚል ትንሽ ክርክር ከተነሣ በኋላ። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ያው ክንውን 1 ነው። ስለዚህ ዕቅድ ክፍሉን «የተገለገሉ ሕፃናት ብዛት» የሚል ዓምድ ይጨመርበት ብዬ ጽፌያለሁ። እስካሁን እያየነው ነው ይሉኛል።

የሞግዚቷ ኮንትራት ሰኔ 30 ያበቃል። የሐምሌው በጀት ግን የሚዘጋጀው በጋውን ነው፤ ሰኔ ላይ የሚጮህ ሰው ለከርሞ ይባላል። የመደብ ጥያቄውን ደብዳቤ በጥር አስገብተን የገቢ ቁጥር ይዘናል። ኮምቦልቻ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦችም ደብዳቤዎቹን ጠይቀውኝ ላክሁላቸው። የእነሱ ክፍል ውስጥ ያለው ጀኔሬተር ነው አሉኝ።