አስጢን የት ገባች?

ልብስ አልደርቅ አለ። ከዓርብ ጀምሮ የተሰጣ ነው። ነሐሴ ነው፤ ምን ይደረጋል። ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ወጥሬ አንሶላውን፣ ፎጣውን፣ ያንን የምታውቁትን አረንጓዴ ሹራቤን ሰቅዬ፣ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ጎንበስ እያልሁ ስመላለስ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚሁ ነበር። ከሰል አቀጣጥዬ ከሥሩ ላስቀምጥ ወይስ ይቅርብኝ እያልሁ ሳመነታ፣ ስልኬ ላይ የከፈትሁት ሙዚቃ በራሱ ፈቃድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል አንዲት ሴት መጣች። ድምፅ አላት ለማለትም ይከብዳል። ልጇን አስተኝታ በሩን ቀስ አድርጋ የምትዘጋ እናት ዓይነት ናት።

ቫሽቲ በንያን ትባላለች። እንግሊዛዊት ናት፤ በ1945 ኒውካስል ተወልዳ ለንደን ያደገች። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሰባት ስምንት እያልሁ መቀነሱ ዛሬ አልሆነልኝም።)

ሐሳቤ ከገመዱ ላይ የወረደው ስሟን ሳነብ ነው። ቫሽቲ ማለት እኮ የእኛዋ አስጢን ናት! መጽሐፈ አስቴር መጀመሪያ ላይ ያለችው ንግሥት። ንጉሥ አርጤክስስ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በመቶ ሃያ ሰባት አገር ላይ ነግሦ፣ ግብዣውን ደግሶ፣ በሰባተኛው ቀን ልቡ በወይን ጠጅ ደስ ሲለው ውበቷን ለሕዝቡ ሊያሳይ ሰባት ጃንደረቦች ልኮ ያስጠራት። አልመጣም አለች። ለምን እንዳለች መጽሐፉ አይነግረንም። ከዚያ መኳንንቱ ተሸበሩ፤ ሴቱ ሁሉ እሷን አይቶ ባሉን ይንቃል ተባለ። ወንድ ሁሉ በቤቱ አለቃ ይሁን የሚል ደብዳቤ ለየአገሩ በየጽሕፈቱ፣ ለየሕዝቡ በየቋንቋው ተላከ። እኛ ዘንድ ስለ መድረሱ አልጠራጠርም፤ እስከ ዛሬ የሚያነቡት አሉ።

አስቴር የምትባል አክስት አለችኝ፤ ሁለት ጎረቤትም አሉኝ። አስጢን የምትባል ሴት ግን በዕድሜዬ አላጋጠመችኝም። ማን ልጁን እምቢ ባለችው ስም ይጠራል? ከዚያ በኋላ የት እንደገባችም የሚጠይቅ የለም። ትረካው ወደ አስቴር ያልፋል፤ እሷ ከመጽሐፉ ወጥታ ትቀራለች።

እንግሊዛዊቷ አስጢንም እንዲሁ ወጥታ ቀርታ ነበር። ኦክስፎርድ ሥዕል ትማር ነበር፤ ሥዕሉን ትታ ዘፈን ስትጽፍ ተባረረች። በ18 ዓመቷ ኒውዮርክ ሄዳ የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቦብ ዲላንን ሸክላ ሰማች፤ አለቀላት። በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ሥራ አስኪያጅ አንድሩ ሉግ ኦልድሃም አገኛትና የባንዱ አባላት ጃገርና ሪቻርድስ የጻፉትን ዘፈን ሰጥቶ አስቀረጻት። የሸክላው ፊት የእነሱ፣ ጀርባው የራሷ ድርሰት ሆነ። የጀርባው ርእስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ።» ገና ሃያ ዓመቷ ነው እንግዲህ፤ የፈለገችውን በግልጽ ጽፋ ነበር።

ሸክላው አልሄደም። ተከታዩም አልሄደም። በ1968 ከፍቅረኛዋ ጋር ቤስ የምትባል ፈረስ በጋሪ ጠምደው፣ ውሻቸውን አስከትለው ከለንደን ወደ ሰሜን ተነሡ። ዘፋኙ ዶኖቫን ስኮትላንድ ውስጥ ስካይ ደሴት አካባቢ መሬት ገዝቶ የአርቲስቶች መንደር ሊመሠርት ነበርና ወደዚያ መሄዳቸው ነው፤ የፈረሱንና የጋሪውን ገንዘብ ያበደራቸውም እሱ ነው። መንገዱ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ሲደርሱ የታሰበው መንደር ተበትኖ ጠበቃቸው።

ይህንን ጉዞ የሚተርኩት ሰዎች ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እኔ ግን ጋሪ የማውቅ ሰው ነኝ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ እርጥብ እንጨት፣ የፈረስ ሰኮና፣ ማታ ማታ «ያንተ ጥፋት ነው፣ ያንቺ ጥፋት ነው» መባባል። ደግሞም የሚደርቅ ልብስ! በስኮትላንድ ዝናብ፣ በአንዲት ጋሪ ውስጥ፣ የት ሰቅለውት ይሆን? ዘፈኖቹ ግን ስለ ጭቃው አያማርሩም። መድረስ የምትፈልገውን ቦታ ነው የዘፈነችው፤ ያለችበትን አይደለም።

በ1969 መጨረሻ የሙዚቃ ፕሮዲውሰሩ ጆ ቦይድ ለንደን አስቀረጻት፤ «ጀስት አናዘር ዳይመንድ ዴይ» የተባለው አልበም በ1970 ወጣ። ገዢ አላገኘም። እሷም ጊታሯን አስቀመጠችና ወደ ልጆቿ፣ ወደ እርሻና ወደ እንስሳት ዞረች። ለገዛ ልጆቿ እንኳ እንዳልዘፈነችላቸው ተናግራለች። ይህቺ ላይ ቆምሁ።

የእኔ ክራር ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ነው የተሰቀለው። በሩ ሲከፈት ይጋረዳል፤ በሩን ሁልጊዜ ከፍቼ የምተወው ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ተነሥቼ አወረድሁት። ቆዳው ላይ አቧራው ረግቶ ጣት ሲያርፍበት መስመር ያወጣል። ከስድስቱ አውታር አንዱ ተበጥሷል፤ የቀሩት ላልተዋል። አንዷን ነካኋት፤ ድምፅ ሳይሆን እንደ ማዛጋት ያለ ነገር ወጣ። ትዝታ ልቃኘው ብዬ መቃኛውን አንድ ጊዜ አዙሬ፣ ሁለተኛዋም እንዳትበጠስ ፈርቼ ተውሁት።

ትናንት አንዲት ጓደኛዬ ደውላ ነበር። መስከረም ላይ የትንሹ ልጇ ክርስትና ነው። «ክራርሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። «ትቼዋለሁ እኮ» አልኋት። «ማን አስተወሽ?» አለችኝ። ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁት።

ማን አስተወኝ? የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ የሰፈር የኪነት ምሽት ክራሬን ቃኝቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ ነበር። መድረክ መሪው ስም ይጠራል፤ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል። እኔ ጋ ሳይደርስ ጄኔሬተሩ ጠፋ፤ ሕዝቡም እየሳቀ ተበተነ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ተረሳሁ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ «ትቼዋለሁ» እላለሁ፤ ጃንደረባ ተልኮብኝ አልመጣም ያልሁ ይመስል። አስጢን ተጠርታ ነው የቀረችው። እኔ የቀረሁት ሳልጠራ ነው። ሰው ሁለቱን ለይቶ እስካልጠየቀኝ ድረስ ንግሥት ነበርሁ።

እንግሊዛዊቷስ ከየትኛው ወገን ናት? በ1997 ኮምፒውተር ገዝታ ኢንተርኔት ላይ የገዛ ስሟን ጻፈች ይባላል። የተረሳው አልበሟ እንደ ብርቅ ዕቃ ሲፈለግ አገኘችው። በ2000 እንደገና ታተመ፤ በ2005 ሁለተኛ አልበሟን አወጣች፤ ከመጀመሪያው ሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ። ሦስተኛው በ2014 ወጣ፤ የመጨረሻዬ ነው አለች። የፎልክ፣ ማለትም የባህል ዘፈን፣ ዘፋኝ ሲሏትም አትወድም፤ እኔ የሠራሁት ፖፕ ነው ባይ ናት። ይህ ግትርነቷ ከጋሪው ይልቅ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ያደረግሁትን መቼም ገምታችኋል። ስሜን ከነአባቴ ጻፍሁ። ሊያውም ክራሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በእርጥብ አንሶላ መካከል ተቀምጬ።

አንድ ነገር ወጣ። የድሮ ጋዜጣ ገጽ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ። ተከሳሽ፦ ስሜ ከነአባቴ ስም። ልቤ ዘለለች። የአያት ስሟ ግን ሌላ ነው፤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ጉዳዩ የቤት ኪራይ ነው። በተቆረጠው ቀን ቀርባ መልስ እንድትሰጥ፣ ባትቀርብ ግን ክርክሩ በሌለችበት ታይቶ እንደሚወሰን ይገልጻል። ቀጠሮው ካለፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

የእኔ አለመሆኑን ሳረጋግጥ ቅር አለኝ። በኪራይ ዕዳ እንኳ የጠራኝ የለም።

ሴትየዋ ግን ቀርባ ይሆን? ወይስ ኔትወርክ የለም ብላ ዘጋችው?